አሮጌ ሞተር ዘይት የሚያቃጥልበት ምክንያትና ከመውረዱ በፊት ሊደረግለት የሚገባው ምርመራ

ለሰውነት ደም እንደሚያስፈልገው ሁሉ ለሞተርም ዘይት ያስፈልገዋል። ዘይት በሞተር ውስጥ ብረትን ከብረት ይለያል፤ ሙቀትን ይቀንሳል፤ እድፍን ያጥባል፤ ፒስቶኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲመላለስ የተጨመቀው አየር እንዳያመልጥ ክፍተቱን ይደፍናል። ስለዚህ ዘይቱ ምክንያቱ ሳይታወቅ እየጎደለ የሚሄድበት ባለ መኪና ወይም ባለ ትራክተር ልቡ ቢሰጋ አያስገርምም። ነገር ግን ስጋት ሌላ፥ ምርመራ ሌላ ነው።

አዝመራው ታጭዶ፥ ነዶው በአውድማው ተከምሮ ሳለ፥ መውቂያውን የሚያዞረው አሮጌ ትራክተር ሰማያዊ ጭስ መትፋት ይጀምራል። ባለቤቱም ደንግጦ ወደ ከተማ ይወስደዋል። በጋራዡ ያለው ሠራተኛ የጭሱን ቀለም ብቻ አይቶ፥ «ፋሻው አልቋል፤ ሞተሩ ይውረድ» ሲል ይፈርዳል። ሞተሩ ይወርዳል፤ ለፋሻና ለጓርኒሲዮን ገንዘብ ይከፈላል፤ ስለዚሁም በሬ ይሸጣል ወይም ብድር ይወሰዳል፤ ክምሩም በአውድማው እንዳለ ያለ ጊዜው የመጣ ዝናብ ያገኘዋል። ሞተሩ ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ ጭሱ እንደ ቀድሞው ሲቀጥል፥ የበሽታው ምንጭ ሌላ ቦታ እንደ ነበረ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ሐኪም ሳይመረምር ሆድ አይቀድም፤ የሞተርም ነገር እንዲሁ ሊሆን ይገባዋል።

የዚህ ትምህርት ዓላማ ባለ መኪናውን መካኒክ ለማድረግ አይደለም። ዓላማው ባለ መኪናው ወደ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት በዓይኑ፥ በአፍንጫው፥ በእጁና በአንዲት ትንሽ ደብተር ሊያደርገው የሚችለውን ምርመራ ዐውቆ፥ ርካሹን ምክንያት ሳያጣራ ወደ ውዱ እንዳይዘል ነው።

ዘይት ወደ እሳቱ የሚገባባቸው መንገዶች

ሞተር ዘይትን የሚያቃጥለው ዘይቱ ነዳጁ ወደሚነድበት ክፍል ሲገባ ነው። ወደዚያ የሚያስገቡት ዋና ዋና መንገዶች 3 ናቸው።

1ኛው መንገድ ከታች ወደ ላይ ነው። በፒስቶኑ ዙሪያ ፋሻ የሚባሉ የብረት ቀለበቶች አሉ። የላይኞቹ የተጨመቀውን አየርና የነደደውን ጋዝ ይይዛሉ፤ የታችኛው ግን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተረጨውን ዘይት እየጠረገ ወደ ኮፓው ይመልሳል። ፋሻው ሲያልቅ፥ ወይም በጥቀርሻ ተይዞ በጎድጓዳው ውስጥ ሲጣበቅ፥ ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ ሲበላ፥ ሳይጠረግ የቀረው ዘይት ወደ ላይ አልፎ ይነዳል።

2ኛው መንገድ ከላይ ወደ ታች ነው። በቴስታታው ላይ ያሉት ቫልቮላዎች እየተከፈቱና እየተዘጉ የሚመላለሱት ጉይዳ በሚባል ጠባብ ቱቦ ውስጥ ነው። በብዙ ሞተሮች በዚህ ቱቦ አፍ ላይ ዘይቱን የሚያግድ ትንሽ ጎሚኒ ይገኛል። ጎሚኒው በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ሲደርቅና ሲሰነጠቅ፥ ወይም ጉይዳው ሲሰፋ፥ ቫልቮላውን የሚያለሰልሰው ዘይት በዘንጉ እየተንጠባጠበ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል።

3ኛው መንገድ ከሚሳበው አየር ጋር ነው። ይኸውም ከአየር ማጣሪያው፥ ከሞተሩ መተንፈሻ፥ ወይም ቱርቦ በተገጠመላቸው በኋላ ዘመን በተሠሩ መኪናዎች ከቱርቦው የሚመጣ ነው። ይህ 3ኛው መንገድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሲሆን፥ አብዛኛውን ጊዜ በርካሽ የሚጠገነው ግን እርሱ ነው።

በመጀመሪያ ጉድለቱን መለካት

ምርመራ የሚጀምረው በመለካት ነው። «ብዙ ዘይት ይበላል» ማለት መልስ አይሆንም፤ በስንት ኪሎ ሜትር ወይም በስንት ሰዓት ሥራ ስንት ሊትር ይበላል? ለዚህም አንድ ደብተር ተዘጋጅቶ ቀኑ፥ በቆጣሪው ላይ ያለው ኪሎ ሜትር ወይም የትራክተሩ የሥራ ሰዓት፥ የተጨመረውም ዘይት መጠን ሊጻፍበት ይገባል።

ልኬቱ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሁኔታ መደረግ አለበት። መኪናው በሜዳ ላይ ይቁም፤ ሞተሩ ጠፍቶ 10 ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ የዘይቱ መለኪያ ዘንግ ወጥቶ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ ዳግመኛ ገብቶ ከወጣ በኋላ ይነበብ። በተዳፋት ላይ የቆመ መኪና ወይም ገና አሁን የጠፋ ሞተር የሚያሳየው ልክ ሐሰተኛ ነው።

በዚህም ጊዜ ከላይኛው ምልክት በላይ ዘይት እንዳይሞላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰዎች «ስለሚበላ አብዝተን እንጨምርለት» ይላሉ። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይት ግን የሞተሩ ጠማማ ዘንግ እየመታ ወደ ሲሊንደሮቹ ስለሚረጨው፥ ፋሻው ሊጠርገው ከሚችለው በላይ ይሆንበታል፤ ሞተሩም ይበልጥ ያጨሳል። መድኃኒት መስሎ የተጨመረው በሽታ ይሆናል ማለት ነው።

በናፍጣ ሞተር ደግሞ ሌላ ነገር መታየት አለበት። ከተበላሸ የናፍጣ ፖምፓ ወይም ከመርጫው ናፍጣ ወደ ኮፓው ሲወርድ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። በዚህ ጊዜ ዘይቱ የጎደለ አይመስልም፤ እንዲያውም ጨምሮ ሊገኝ ይችላል። ዘይቱ ቀጥኖ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፥ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ሞተሩን ማሠራት ብሮንዚናዎቹን መግደል ነው።

ማንኛውም ሞተር ጥቂት ዘይት ማቃጠሉ ተፈጥሮው ነው። በ1000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር የሚደርሰውን ፍጆታ አንዳንድ የመኪና ፋብሪካዎች ራሳቸው ይፈቅዱታል። በትራክተር ደግሞ ንጽጽሩ ከናፍጣው ጋር ቢደረግ ይሻላል፤ 100 ሊትር ናፍጣ ሲጨርስ 1 ሊትር ያህል ዘይት የሚፈልግ ትራክተር ሊመረመር የደረሰ ነው።

መፍሰስ ነው ወይስ መቃጠል?

የጎደለ ዘይት ሁሉ የተቃጠለ አይደለም። ከሞተሩ በታች ማታ አሮጌ ካርቶን ወይም ንጹሕ ጆንያ ተዘርግቶ ጠዋት ቢታይ፥ የሚንጠባጠብበት ቦታ ራሱ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ አንዳንድ መፍሰስ የሚታየው ሞተሩ ሲሠራና ዘይቱ ግፊት ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ታጥቦና ደርቆ፥ ጥቂት መንገድ ከሄደ በኋላ በጥንቃቄ መታየት አለበት።

መታየት የሚገባቸውም ቦታዎች የቫልቮላው ክዳን ጓርኒሲዮን፥ የኮፓው ዙሪያ፥ የዘይቱ ማጣሪያ መቀመጫ፥ ዘይት የሚያልፍባቸው ቱቦዎች፥ በሞተሩ ፊትና ኋላ ያሉትም የዘይት ማገጃዎች ናቸው። ከኋላ ያለው ማገጃ ሲያፈስ ዘይቱ ወደ ፍሪሲዮኑ ቤት ስለሚወርድ፥ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል። ከውጭ ዘይት የሌለበት፥ በታችም ያልተንጠባጠበ ሞተር ዘይቱን የሚጨርስ ከሆነ፥ ያን ጊዜ ማቃጠሉ ይታመናል።

የጭሱ ቀለም

የጭስ ቀለም 3 ዓይነት ነው፤ 3ቱንም መለየት ያስፈልጋል።

ሰማያዊ ጭስ የዘይት ምልክት ነው። ሽታውም ምጣድ ላይ ተረስቶ እንደ ተቃጠለ ዘይት ዓይን ይቆጠቁጣል። በጠራ ሰማይ ፊት በደንብ ላይታይ ስለሚችል፥ ከኋላው ጥላ ወይም ጥቁር ግድግዳ ባለበት ቦታ ቢታይ ይሻላል።

ጥቁር ጭስ ነዳጁ ከአየሩ መብዛቱን ያመለክታል፤ የዘይት ነገር አይደለም። የታፈነ የአየር ማጣሪያ፥ የተበላሸ የናፍጣ መርጫ፥ ከዐቅም በላይ የሆነም ጭነት ያመጡታል። በደጋ አገር አየሩ ቀጭን ስለ ሆነ፥ ለቆላ የተስተካከለ የናፍጣ ሞተር ዳገት ላይ ጥቁር ቢያጨስ ፋሻውን መክሰስ አይገባም።

ነጭ ጭስ በቀዝቃዛ ጠዋት ለጥቂት ጊዜ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ የውኃ እንፋሎት ወይም ገና በደንብ ያልነደደ ናፍጣ ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ፥ የራዲያተሩም ውኃ የሚጎድል ከሆነ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሊጠረጠር ይገባል።

ለማረጋገጥ ያህል አንድ ነጭ ወረቀት በእንጨት ጫፍ ተይዞ ለጥቂት ጊዜ በጭስ ማውጫው አፍ ፊት ቢቆም፥ ዘይት የሚያቃጥል ሞተር ቅባት ያለው ነጠብጣብ ይተውበታል፤ ነዳጅ የበዛበት ሞተር ግን ደረቅ ጥቀርሻ ይተውበታል።

ጭሱ የሚታይበት ጊዜ

ከቀለሙ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ጭሱ የሚታይበት ጊዜ ነው። የዚህም ትምህርት ዋና ነጥብ ይህ ነው፤ ሰማያዊው ጭስ መቼ እንደሚወጣ ያስተዋለ ሰው፥ ዘይቱ በየት በኩል እንደሚገባ ግማሹን መንገድ ደርሶበታል።

ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ደመና የመሰለ ሰማያዊ ጭስ ወጥቶ፥ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፈጽሞ የሚጠፋ ከሆነ፥ ሌሊቱን በቫልቮላው ዘንግ እየተንጠባጠበ በሲሊንደሩ ውስጥ የተጠራቀመ ዘይት ነው። ስለዚህ የቫልቮላው ጎሚኒ ወይም ጉይዳው ይጠረጠራል።

የቤንዚን ሞተር ያለው መኪና በረዥም ቁልቁለት ነዳጅ መስጫው ተለቅቆ በማርሽ ተይዞ ሲወርድ፥ የአየሩ በር ስለሚዘጋ በሲሊንደሩ ውስጥ ብርቱ የመሳብ ኃይል ይፈጠራል። ይህም ኃይል በሰፋው ጉይዳ በኩል ዘይት ይስባል። ከ2325 ሜትር ከፍታ ካለችው ከአሥመራ ተነሥቶ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በባሕር ጠረፍ ወዳለችው ወደ ምጽዋ የሚወርድ፥ ወይም ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው፥ ከቁልቁለቱ ግርጌ ደርሶ ነዳጅ መስጫውን እንደ ገና ሲረግጥ በኋላ መመልከቻው መስታወት ይመልከት። አንድ ጊዜ ብቻ ሰማያዊ ደመና ወጥቶ ከጠፋ፥ ጥፋቱ የቫልቮላዎቹ እንጂ የፋሻው አለመሆኑ ያመዝናል። ቁልቁለት የሌለበት አገር ያለ ሰው ደግሞ የሞቀውን ሞተር በሚኒሞ 3 ደቂቃ ያህል አቆይቶ ነዳጅ ቢሰጠው ይህንኑ ማየት ይችላል። አብዛኛው አሮጌ የናፍጣ ሞተር የአየር መዝጊያ በር ስለሌለው፥ ይህ ምልክት በእርሱ ላይ እንደዚህ ጎልቶ አይታይም።

ሰማያዊው ጭስ የሚበረታው ሞተሩ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ወይም ማረሻ ሲጎትት ከሆነ፥ ከሞቀም በኋላ ሳያቋርጥ የሚወጣ ከሆነ፥ ኃይሉም ቀንሶ ጠዋት ለመነሣት የሚያስቸግር ከሆነ፥ ያን ጊዜ ፋሻውና ሲሊንደሩ ይጠረጠራሉ። ይህን ለማጣራት ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ የዘይት መሙያው ክዳን ቢከፈት፥ ደኅና ሞተር ጥቂት ብቻ ይተነፍሳል፤ ፋሻው ያለቀ ሞተር ግን እንደ ወናፍ እፍ እፍ እያለ ጭስ ያወጣል። ይህም የሆነው የነደደው ጋዝ በፒስቶኑ ጎን እያለፈ ወደ ኮፓው ስለሚወርድ ነው።

ምንም ለውጥ ሳይታይ ቆይቶ በአንድ ቀን በድንገት የጀመረ ጭስ ግን የማለቅ ምልክት አይደለም። ብረት የሚያልቀው ቀስ በቀስ ነው። በድንገት የመጣ ነገር በድንገት የተለወጠ ምክንያት አለውና፥ ከጭሱ በፊት በነበረው ቀን በሞተሩ ላይ ምን እንደ ተደረገ ሊጠየቅ ይገባል።

በርካሽ የሚወገዱት ምክንያቶች

እንበልና፥ እንደ ማሲ ፈርጉሰን 35 ያለ አሮጌ ትራክተር በውቂያ ጊዜ በድንገት ሰማያዊ ማጨስ ጀመረ። እንደዚህ ያሉት ትራክተሮች የአየር ማጣሪያቸው ከታች ዘይት የሚይዝ ሳሕን አለው፤ የሚሳበው አየር በዚህ ዘይት ላይ ሲያልፍ አቧራውን ይጥላል። ነጂው ከአንድ ቀን በፊት ሳሕኑን አጥቦ ዘይት ሲያድስ፥ ለጥንቃቄ ብሎ ከምልክቱ በላይ ሞልቶት ነበር። ሞተሩም ትርፉን ዘይት ከአየሩ ጋር እየሳበ ያቃጥለዋል። የዚህ በሽታ መድኃኒት ትርፉን ዘይት መቅዳት ነው፤ ዋጋውም ምንም ነው። ይህን ያልጠየቀ ሰው ግን ሞተር ያስወርዳል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የናፍጣ ሞተር በአየር መንገዱ ብዙ ዘይት ከሳበ፥ ያን ዘይት እንደ ነዳጅ አድርጎ ከልክ በላይ ሊፈጥን ይችላል፤ ናፍጣው ቢዘጋበትም ላይጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የአየሩን መግቢያ በጠንካራ ሳንቃ መድፈን ያስፈልጋል፤ በእጅ ወይም በጨርቅ መድፈን ግን አደገኛ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታየው የሞተሩ መተንፈሻ ነው። በኮፓው ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ የሚወጣበት ቱቦ በጭቃ፥ በእብቅ ወይም በወፈረ ዘይት ሲደፈን፥ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በየማገጃውና በየጉይዳው እየገፋ ያወጣዋል። አንድ የተደፈነ ቱቦ ፋሻው ያለቀ ወይም ሁሉ ማገጃ የተቀደደ ሊያስመስል ይችላል። ቱቦውን አውልቆ በናፍጣ ማጠብ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ቱርቦ ባላቸው መኪናዎች ከቱርቦው ወደ ኮፓው ዘይት የሚመለስበት ቱቦ እንዳልተደፈነ፥ የአየሩም ማጣሪያ እንዳልታፈነ መታየት አለበት። እነዚህ ሁለቱ ደኅና ሆነው ከቱርቦው ወደ ሞተሩ በሚሄደው የአየር ቱቦ ውስጥ ብዙ ዘይት ከተገኘ፥ ጥፋቱ የቱርቦው ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም የዘይቱ ዓይነት ይጠየቅ። ፋብሪካው ካዘዘው የቀጠነ፥ ወይም ሳይለወጥ ለብዙ ጊዜ የቆየ ዘይት ቶሎ ይጎድላል። ለብዙ አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች «15 ደብልዩ 40» የሚባለው ዘይት ይስማማል፤ ይሁን እንጂ የመጨረሻው ዳኛ የሞተሩ መጽሐፍ ነው። ጭሱን ለመቀነስ ሲባል እጅግ ወፍራም ዘይት መጨመር በሽታውን መሸፈን እንጂ ማዳን አይደለም፤ በቀዝቃዛ የደጋ ጠዋት ወፍራም ዘይት ወደ ብሮንዚናዎቹ ለመድረስ ይዘገያልና ሌላ ጉዳት ያመጣል።

ካንዴላና የመጨመቂያ መለኪያ

ርካሹ ምክንያት ሁሉ ተጣርቶ ጭሱ ካልቀረ፥ ወደ ሁለተኛው ምርመራ ማለፍ ይገባል። በቤንዚን ሞተር የመጀመሪያው ምስክር ካንዴላ ነው። ካንዴላዎቹ በቁጥራቸው ተራ ወጥተው በወረቀት ላይ ይደርደሩ። እርጥብና በቅባት የጠቆረ ካንዴላ በዚያ ሲሊንደር ዘይት እንደሚገባ ያሳያል፤ ደረቅ ጥቀርሻ የያዘው ግን የቤንዚን መብዛትን ያሳያል። ከ4ቱ አንዱ ብቻ ቅባት ከያዘ ጥፋቱ በአንድ ቦታ ነው፤ ሁሉም እኩል ከሆኑ ግን ወይ ጠቅላላ ማለቅ ነው፥ ወይም እንደ መተንፈሻው ያለ የጋራ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ በመጨመቂያ መለኪያው የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኃይል ይለካል። ሞተሩ ይሙቅ፤ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይውጡ፤ የካንዴላው ኤሌክትሪክና ቤንዚኑ እሳት እንዳያስነሡ ይቋረጡ፤ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ይረገጥ፤ በሞተሪኖ 5 ወይም 6 ጊዜ ያህል ከተጨመቀ በኋላ ቁጥሩ ይጻፍ። ቁጥሩ ዝቅ ባለበት ሲሊንደር 1 የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ተጨምሮ እንደ ገና ይለካ። ቁጥሩ በደንብ ከፍ ካለ፥ ዘይቱ የፋሻውን ክፍተት ስለ ደፈነ ነውና ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ አልቋል። ቁጥሩ ካልተለወጠ ግን አየሩ የሚያመልጠው በቫልቮላው መቀመጫ ወይም በጓርኒሲዮኑ ነው። ይህን ዘይት የመጨመር ፈተና በናፍጣ ሞተር ላይ ማድረግ አይገባም፤ በፒስቶኑና በቴስታታው መካከል ያለው ቦታ እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ ቁጥሩ ያሳስታል፤ ሞተሩንም ሊጎዳው ይችላል።

ይህ መለኪያ ሁሉን ነገር አይናገርም። የሰፋ ጉይዳና የደረቀ ጎሚኒ መጨመቂያውን አይቀንሱም። ስለዚህ መጨመቂያው ደኅና ሆኖ ሰማያዊ የሚያጨስ ሞተር ሲገኝ፥ ዐይን ወደ ቫልቮላዎቹ መመለስ አለበት። እንደዚሁም የላይኞቹ ፋሻዎች ደኅና ሳሉ ዘይት ጠራጊው ፋሻ ብቻ በጥቀርሻ ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል።

በደጋ አገር ሊዘነጋ የማይገባው

ብዙ ደኅና ሞተር ያለ ጥፋቱ የተፈረደበት በዚህ ስሕተት ነው። በፋብሪካው መጽሐፍ የተጻፈው የመጨመቂያ ቁጥር በባሕር ጠረፍ ላለ አየር የተወሰነ ነው። በአሥመራ ወይም በአዲስ አበባ ከፍታ ግን የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 4 እጅ 3 እጁን ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር በዚያው መጠን ስለሚያንስ የሚጨምቀውም እንዲሁ ያንሳል። ስለዚህ በምጽዋ 12 ባር የሚያሳይ ሞተር በአሥመራ 9 ባር ያህል ቢያሳይ ጤነኛ ነው። መጽሐፉን ብቻ አይቶ «12 መሆን ሲገባው 9 ሆኗል፤ አልቋል» የሚል ሰው የተሳሳተ ፍርድ ይፈርዳል። ከቁጥሩ ከፍታና ዝቅታ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት የበለጠ ይመሰክራል። ሁሉም ሲሊንደሮች የተቀራረበ ቁጥር ካሳዩ መልካም ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ በ15 ከመቶ ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ካለ ግን ምክንያቱ ይፈለግ።

ሞተሩ መውረድ የሚኖርበት ጊዜ

ምርመራው ወደ ቫልቮላዎቹ ካመለከተ፥ ሞተሩን በሙሉ ማውረድ አያስፈልግም። በብዙ ሞተሮች ጎሚኒው ቴስታታው ሳይነሣ ሊለወጥ ይችላል፤ ጉይዳው ከሰፋ ግን ቴስታታው ብቻ ተነሥቶ ወደ ሬቲፊካ ይሄዳል።

ፋሻው ተጣብቆ ከሆነና ሞተሩ ኃይሉን ካላጣ፥ በመጽሐፉ የታዘዘው እጣቢ ያለው ጥሩ ዘይት ተጨምሮ፥ የመለወጫው ጊዜ ለጥቂት ጊዜ አጥሮ መሞከር ይቻላል፤ አንዳንድ ጊዜ ጥቀርሻው ቀስ በቀስ ይለቃል። ብረቱ ካለቀ ግን በቆርቆሮ የሚሸጥ መድኃኒት ሁሉ ያለቀ ብረትን አይመልስም።

ፋሻው መለወጥ ካለበት ሲሊንደሩ ሳይለካ አዲስ ፋሻ መግጠም ገንዘብን መጣል ነው። ሲሊንደር ሲበላ ከላይ ይሰፋል፤ ክብነቱንም ያጣል። አዲስና ክብ ፋሻ ሞላላ በሆነ ሲሊንደር ውስጥ አይቀመጥም። ስለዚህ ባለቤቱ ባለሙያውን፥ «ሲሊንደሩ ተለክቷል ወይ? ስንት ተበልቷል?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። እንደ ልኬቱም ሲሊንደሩ ተፍቆ 0.25 ወይም 0.50 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፋ ያለ ፒስቶን ከነፋሻው ይገባለታል፤ ወይም ካሚቻ ያለው ሞተር ከሆነ ካሚቻው ይለወጣል።

ታድሶ የተገጠመ ሞተር በሚኒሞ ብዙ ሰዓት መቆም የለበትም። ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመደው መጠነኛ ጭነት ሲያገኝ ነው። ጭነት ሳያገኝ የቆየ ሞተር ግድግዳው እንደ መስታወት ይለሰልስና፥ ገና አዲስ ሳለ ዘይት ማቃጠል ይጀምራል።

አቧራ የሞተር ጠላት ነው

ሞተር ያለ ዕድሜው እንዲያረጅ የሚያደርገው በእርሻ አገር ከሁሉ ይልቅ አቧራ ነው። በአውድማ የሚነሣው እብቅና በበጋ መንገድ የሚነሣው ትቢያ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ብረትን እንደ ሞረድ ይበላል። ማጣሪያውን ማጽዳት ብቻ አይበቃም፤ ከማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀ ወይም ማሠሪያው ከላላ አቧራው ሳይጣራ ይገባል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቱቦው ወልቆ ውስጡ በነጭ ጨርቅ ይጠረግ፤ ጨርቁ አቧራ ከያዘ ጠላት በሩን አግኝቷል ማለት ነው። በውቂያ ወራት የዘይት ሳሕን ያለው ማጣሪያ በየቀኑ መታየት፥ ዘይቱም ጭቃ ሲይዝ እስከ ምልክቱ ብቻ መታደስ አለበት።

ከሞተር የወጣ አሮጌ ዘይት በእርሻ ላይ ወይም በወንዝ ዳር መድፋት ፈጽሞ አይገባም፤ መሬቱንና ከብቱ የሚጠጣውን ውኃ ይመርዛል። በዕቃ ተጠራቅሞ ለሚሰበስቡት ሊሰጥ ይገባል።

ከነጭሱ የሚያገለግል ሞተር

ምርመራው ሁሉ ተደርጎ ፋሻው ማለቁ ቢታወቅም፥ ሞተሩ ዛሬውኑ ይውረድ ማለት ላይሆን ይችላል። በ1000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር የሚበላ መኪና በ10000 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ይበላል። ባለቤቱ የ5 ሊትር ዘይት ዋጋን ከፒስቶን፥ ከፋሻ፥ ከሬቲፊካና ከእጅ ዋጋ ጋር አስተያይቶ፥ ሥራውም የሚፈታበትን ጊዜ አስቦ ይወስን። ኃይሉ ያልቀነሰ፥ ጠዋት የሚነሣ፥ ፍጆታውም በደብተሩ ላይ ያልጨመረ ሞተር አዝመራው እስኪገባ ድረስ ሊያገለግል ይችላል። ፍጆታው ከወር ወደ ወር እየጨመረ የሚሄድ ከሆነ ግን የሥራ ወራት ሳይደርስ፥ ገንዘብም ጊዜም ባለበት ወቅት ማሳደስ ብልኅነት ነው።

ዘይት የሚያቃጥል ሞተር በአንድ ቀን አይሞትም፤ ዘይት ያጣ ሞተር ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነክሶ ይቆማል። ብዙ አሮጌ ሞተር የጠፋው በማጨሱ ሳይሆን፥ ማጨሱ እየታወቀ ዘይቱ ባለመታየቱ ነው። ስለዚህ የሚያጨስ ሞተር ያለው ሰው በየጠዋቱ ከማስነሣቱ በፊት የዘይቱን ልክ ይመልከት፤ የጎደለውን እስከ ምልክቱ ይሙላ፤ የሞላውንም በደብተሩ ይጻፍ። በሥራ ላይ ሳለም የዘይቱ ግፊት ማሳያ ቢወርድ ወይም ቀይ መብራቱ ቢበራ «ጥቂት ልቀጥል» ሳይል ወዲያውኑ ሞተሩን ያጥፋ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንደ ተባለው፥ ትንሿን ምልክት በጊዜ ያስተዋለ ሰው ከትልቁ ኪሣራ ይድናል። ጋራዡም ሲደርስ፥ «ያጨሳል» ብሎ ብቻ ከመቆም ይልቅ፥ «ጠዋት ያጨሳል፥ ሲሞቅ ይተዋል፤ በዚህን ያህል ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ሊትር ይበላል፤ መተንፈሻውና ማጣሪያው ታይተዋል» ብሎ ደብተሩን የሚያሳይ ባለ መኪና፥ ጥሩውን ባለሙያ ይረዳዋል፤ ቸኩሎ የሚፈርደውንም ያስቆመዋል።